ገመድ አይሸጥም

ሌሊት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።
ከሐይቁ ላይ አንድ የዓሣ አጥማጅ መብራት ይርገበገባል።
እኔ ከበረቱ ነኝ፤ እጄ እስከ ክርኔ ርሷል፤
ወለላ ተጋድማለች፣ ጎኗ ይነሳል፣ ይወድቃል።
የባዝራ ምጥ አጭር ነው ይላሉ፤
ላለፈለት ነው እንጂ
ፋኖስ ይዞ ለቆመ ሰው የት ያጥራል?

አንለይ ከደጅ ነው፣ በጨለማ ዋስን ያሻሸዋል፤
ጋማውን በጣቱ ያበጥራል።
ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የሐሙሲት ገበያ ይቆማል።
አንነጋገርም፤ የሚባለው ሁሉ ትናንት ተብሏል።

ዋስ መባሉ በምክንያት ነው።
የእቁብ ዕጣ ሲደርሰን ዋስ የሚሆነን ጠፍቶ
የእቁቡ ዳኛ ልንገዛው ያሰብነውን ፈረስ አይቶ አይቶ
«ይኸው ራሱ ዋስ ይሁናችሁ!» ብሎ ሳቀብን፤
ስሙ በዚያው ቀረ።
እሱም ቃሉን አከበረ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዘንዘልማ አባይ ማዶ ተመላለሰ፣
ጤፍ ጫነ፣ ሲሚንቶ ጫነ፣ ሙሽራ ጫነ፣ በሽተኛ አደረሰ፤
አንድ ቀንማ የተበላሸ ባጃጅ
ጋራዥ ድረስ ጎትቶ ወሰደ።
ያን ዕለት አንለይ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።
አሁን ሳቁ ወደ ባጃጁ ዞሯል፤
የጋሪ ተሳፋሪ አለቀ።

ጎህ ሲቀድ ወጣች፣ በሽፋኗ እንደተጠቀለለች፣
ግንባሯ ላይ ሽንብራ የምታህል ነጭ ነጥብ።
ልትቆም ስትል አራት እግሯ አራት ሐሳብ ሆነና
ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደግሞ ወደቀች፤
በአምስተኛው ጡት አገኘች።
አንለይ ዋስን ወደ በሩ አቀረበው፤
አንገቱን አስገብቶ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ገለባው ብን አለ።
አባቷ እሱ ነው። ፈረስ ያን አያውቅም ይላሉ፤
እኔ የፈረስ ልብ የት ገብቼ አይቼ።
ከዚያ መንገዱን ያዙ፤
ሁለቱም ዞረው አላዩም።

ቀኑ ግን ቀን ነው፤ ልደት አይል፣ ሽያጭ አይል።
ይዘንጋው ፋንድያ ይዝቃል፣
ግማሹን ለቃሪያው መደብ፣ ግማሹን ለግድግዳው ምርጊት።
ቁራሽ፣ ያ ድንክ ፈረስ፣
የጓዳውን መቀርቀሪያ በከንፈሩ ከፍቶ አተላ ይሰርቃል።
ለኅዳር ሚካኤል እንዲሁ ጠጥቶ
ከእትዬ ውዴ ዳጉሳ መሃል እንደ ጌታ ተኝቶ ተገኘ፤
ካሣውን እኛ ከፈልን፣ ስድቡን እኛ ተቀበልን፣
እሱ ራሱን ብቻ አመመው።

ጥሩዘር ውሃ ልታጠጣው ትወርዳለች።
ድሮ ሐይቁ ከዋርካው ሥር ነበር፤
አሁን እምቦጭ አለ፣ አረንጓዴ ሜዳ፣ ሐምራዊ አበባ፣
ለዓይን ያማረ፣ ለፈረስ የማይበላ፣ ታንኳ የማያሳልፍ።
እስከ ጉልበቷ ገብታ በማጭድ በር ትከፍታለች፤
ቁራሽም አንገቱን በዚያች በር ሰዶ
ጣናን ሊጨርስ የቆረጠ ይመስል
ይምገዋል።

ማታ፣ ፀሐይ በዘጌ በኩል ስትገባ
አንለይ መጣ፣ ብቻውን፣ ገመዱን በትከሻው ጥሎ።
ከብት ይሸጣል እንጂ ገመድ አይሸጥም፤
ገመዱ ከሄደ በረት ባዶውን ያድራል፣
የአባቱ ወግ ነው።
«ዕድሜውን ጠየቁኝ» አለ።
«ታዲያስ?»
«ጥርሱን ገልጬ እውነቱን ነገርኳቸው።»
እውነቱ ሁለት ሺህ ብር በላን።
«በዋስ ደግሞ ይዋሻል?» አለና ውሃ ለመነ።

ብሩን ቆጠርን፤ የማዳበሪያው ዕዳ፣ የይዘንጋው ጫማ፣
የሚያፈሰው ቆርቆሮ፣
የቀረውን ማንም አልቆጠረው።
ወለላ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸተተች፣
ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው፣ ቀስ ብላ፤
መሃሉ ላይ ቆየች፣
ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።
«ስሟን ማን እንበላት?» አለች ጥሩዘር።
ማንም አልመለሰም፣ ሁላችንም ደክሞን ነበር።

ፉርሽካ ልበትን ወጣሁ።
እጄ ሳይጠይቀኝ ሦስት ቦታ ሠፈረ፤
አንዱን ለወለላ፣ አንዱን ለቁራሽ፣
አንዱን ከጥጉ፣ የጋሪው እንጨት ከተደገፈበት።
ቆሜ አየሁት። መልሼ ላፍሰው አልኩ፣ አላፈስኩትም።

ሲነጋ ቁራሽ በልቶታል።